ማኒፌስቶ አንብቦ አቋምን በማስረጃ መከላከል፦ በደቡብ አፍሪካ የነፃነት ቻርተር ላይ የተሠራ መመሪያ

«ይህን ማኒፌስቶ አንብባችሁ አቋማችሁን በማስረጃ አስደግፋችሁ ጻፉ» የተባለ ሰው ብዙ ጊዜ ስለ ድርጅቱ ይጽፍና ሰነዱን ሳይነካው ይጨርሳል። ድርጅቱን ከወደደ ያወድሳል፣ ከጠላ ያወግዛል። አንባቢው ግን ሰነዱ ምን እንደሚል፣ እናንተ ስለ እሱ ምን እንደምትሉና በምን እንደምታስረዱ ሊያውቅ ይፈልጋል። ይህ መመሪያ ከመጀመሪያው ንባብ እስከ መጨረሻው እርማት ድረስ አንድ እውነተኛ ሰነድ ይዞ ይሄዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1955 በደቡብ አፍሪካ የጸደቀውን የነፃነት ቻርተር።

ይህን ሰነድ የመረጥኩት በመጀመሪያ አጭር ስለሆነ ነው፤ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። ደግሞም ፍርድ ቤት ገብቶ ለዓመታት ስለተከራከሩበት የሙግቱ ሁለቱም ወገን ተመዝግቦ ይገኛል። ከሁሉ በላይ ግን እኛን በወገን አይከፍለንም። ስለ 1966ቱ አብዮት ወይም ስለ ምርጫ ማኒፌስቶዎቻችን ስናወራ ደማችን ቶሎ ይሞቃል፤ ሳናነብ እንፈርዳለን። መጀመሪያ እጃችሁን በሰው አገር ሰነድ ላይ አፍታቱ፣ ከዚያ ወደ ራሳችን ተመለሱ። ይህን በሙሉ እምነት እመክራለሁ።

1. የሰነዱን ልደት እወቁ

ጽሑፉን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ውሰዱና አራት ጥያቄ ጻፉ፦ ማን ጻፈው? መቼ? ለማን? ምን ሲደርስበት? የመጨረሻው ጥያቄ ከሌሎቹ ይበልጣል። ማኒፌስቶ ሁልጊዜ ለሆነ ነገር መልስ ነው፤ የተመለሰለትን ነገር ሳታውቁ መልሱን ልትረዱት አትችሉም።

በእኛ ምሳሌ ወረቀቱ ይህን ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1913 የወጣው የመሬት ሕግ የአገሪቱ ብዙኃን የሆኑት ጥቁሮች መሬት ሊይዙ የሚችሉበትን ክልል ወደ 7 በመቶ ገደማ አጠበበው፤ የ1936ቱ ሕግ ወደ 13 በመቶ አካባቢ ከፍ አደረገው። በ1948 ናሽናል ፓርቲ ሥልጣን ያዘና አፓርታይድን የመንግሥት ሥርዓት አደረገ። በ1950 የኮሚኒስት ፓርቲ ታገደ። በ1953 የጥቁር ልጆችን ትምህርት የሚለይና ዝቅ የሚያደርግ ሕግ ወጣ። በዚያው ዓመት ፕሮፌሰር ዜድ ኬ ማቲውስ የሕዝብ ጉባኤ ይጠራ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በጎ ፈቃደኞች በየመንደሩ፣ በየፋብሪካውና በየእርሻው እየዞሩ ሰው የሚፈልገውን ነገር በቁራጭ ወረቀት ሳይቀር ሰበሰቡ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 25 እና 26 ቀን 1955 ከጆሃንስበርግ ወጣ ባለችው ክሊፕታውን ወደ 3,000 የሚጠጉ ተወካዮች ተሰብስበው ቻርተሩን ክፍል በክፍል እየሰሙ አጸደቁ። በሁለተኛው ቀን ፖሊስ ጉባኤውን ከቦ ገባ።

ይህን ካወቃችሁ በኋላ «ደቡብ አፍሪካ በውስጧ ለሚኖሩ ሁሉ፣ ለጥቁርም ለነጭም ናት» የሚለው የመግቢያው ቃል ጨዋነት ያለው ንግግር ብቻ ሆኖ አይታያችሁም። ሕግ በቀለም በሚከፍልበት አገር ይህ ዓረፍተ ነገር የሥርዓቱን መሠረት ይክዳል።

እዚህ ላይ ለአማርኛ ጸሐፊ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ዓመተ ምሕረት ስትጽፉ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳትገልጹ አትለፉ። 1955 ዓ.ም. ስትሉ የእኛ አንባቢ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተበትን ዓመት ነው የሚያስበው፤ ቻርተሩ በእኛ አቆጣጠር 1947 ነው። አንድ የተምታታ ዓመት የቀረውን ማስረጃችሁን ሁሉ ጥርጣሬ ውስጥ ይከተዋል።

2. መጀመሪያ ያለ እስክሪብቶ አንብቡ

አንዴ ሳታሰምሩ፣ ሳትከራከሩ እስከ መጨረሻው አንብቡ። ከዚያ ዝጉትና እያንዳንዱን ክፍል በራሳችሁ ቃል በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። የነፃነት ቻርተር አሥር ክፍሎች አሉት፦ ስለ ሕዝብ አስተዳደር፣ ስለ ብሔረሰቦች እኩልነት፣ ስለ አገር ሀብት፣ ስለ መሬት፣ ስለ ሕግ፣ ስለ ሰብአዊ መብት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ትምህርትና ባህል፣ ስለ መኖሪያ ቤት፣ ስለ ሰላም። አሥር ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካቃታችሁ አልተረዳችሁትም፤ ያቃታችሁን ክፍል ድገሙት።

የጻፋችሁት የሰነዱ ደጋፊ ቢያየው «አዎ፣ ይህንኑ ነው ያልነው» የሚለው መሆን አለበት። ነቀፋም ሆነ ውዳሴ እዚህ ቦታ የለውም።

3. ዓረፍተ ነገሮቹን በዓይነታቸው ለዩ

አሁን ሦስት ቀለም እስክሪብቶ ያዙ። ብዙ ሰው ዘሎት ስለሚያልፍና የቀረው ሥራ ሁሉ በእሱ ላይ ስለሚቆም በዚህ እርምጃ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

ማኒፌስቶ ውስጥ ያለ ዓረፍተ ነገር በአብዛኛው ከሦስት አንዱ ነው። ወይ ስለ ሆነ ነገር ይናገራል፣ ወይ ስለ ተገቢ ነገር ይፈርዳል፣ ወይ ስለሚደረግ ነገር ቃል ይገባል። ሦስቱ የሚፈልጉት ማስረጃ ይለያያል፤ ለአንዱ የሚሆነውን ለሌላው ካመጣችሁ ሙግታችሁ ከመጀመሪያው ስቷል።

ቃል መግባት ቀላሉ ነው። ቻርተሩ ትምህርት ነፃ፣ ግዴታና ለልጆች ሁሉ እኩል እንደሚሆን፣ የሥራ ሳምንት አርባ ሰዓት እንደሚሆን፣ ብሔራዊ ዝቅተኛ ደመወዝ እንደሚኖር ይናገራል። እንዲህ ያለውን ቃል በሁለት ነገር ትመዝኑታላችሁ፦ ሲነገር የሚቻል ነበር ወይ? በኋላስ ተፈጸመ ወይ? አርባ ሰዓት ይቆጠራል። ብሔራዊ ዝቅተኛ ደመወዝ በደቡብ አፍሪካ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ነው፤ ይህም ይመሳከራል። ከዚህ ጋር «ምቾት ይኖራል» የሚለውን አስተያዩ፤ ይህ ተስፋ ይሰጣል እንጂ ለመለኪያ አይመችም። ሰነድ ውስጥ የሚለካውና የማይለካው ቃል ምን ያህል እንደሆነ መቁጠር ብቻውን ብዙ ይነግራችኋል።

የተገቢነት ፍርድ ከበድ ይላል። «በሕዝብ ሁሉ ፈቃድ ላይ ያልቆመ መንግሥት በፍትሕ ሥልጣን አለኝ ሊል አይችልም» የሚለውን በቁጥር ልታረጋግጡት አትችሉም፤ ልታፈርሱትም አትችሉም። እንዲህ ያለውን ነገር የምትከላከሉት በምክንያትና በወጥነት ነው። መርሁን እኛ ላይ፣ በምንደግፈው መንግሥት ላይ ብናውለው እንቀበለዋለን ወይ? ተቃዋሚውስ በሌላ ቦታ ይህንኑ መርህ ይጠቀምበታል ወይ? ጸሐፊዎች እዚህ ላይ ስታቲስቲክስ ሲደረድሩ አያለሁ፤ ድካሙ ከንቱ ነው።

አስቸጋሪዎቹ የተደባለቁት ናቸው። መግቢያው ሕዝቡ የመሬት፣ የነፃነትና የሰላም ብኩርናውን እንደተዘረፈ ይናገራል። በዚህ ውስጥ ስለ ሆነ ነገር የተነገረ አለ፤ መሬቱ በሕግ ተወስዷል፣ ማስረጃውም የ1913ቱ ሕግ ነው። የተገቢነት ፍርድም አለ፤ መውሰዱ ዝርፊያ ነው፣ ይህ ደግሞ ስለ መብት ያለንን መርህ ይጠይቃል። እንዲህ ዓይነቱን ዓረፍተ ነገር ለሁለት ሰንጥቁት፣ ለእያንዳንዱ ግማሽ የራሱን ማስረጃ ፈልጉለት። አብዛኛው የፖለቲካ ንትርክ መፍትሔ የሚያጣው አንዱ ስለ ግማሹ፣ ሌላው ስለ ሌላው ግማሽ እየተናገረ አንድ ነገር የሚከራከሩ ስለሚመስላቸው ነው።

4. ዝም ያለበትን ፈልጉ

ሰነዱ ያላለውን ለማወቅ ያለውን በደንብ ማወቅ ስለሚያስፈልግ ይህ አራተኛ እርምጃ ሆነ። በእያንዳንዱ ጥያቄ አጠገብ «በማን? እንዴት? በምን ገንዘብ? እስከ መቼ?» ብላችሁ ጻፉና መልስ የሌለውን አክብቡ።

በቻርተሩ የመሬት ክፍል የዘር ገደብ እንደሚነሣና መሬት ሁሉ ለሚሠሩበት እንደገና እንደሚከፋፈል ተጽፏል። ገበሬው መሬቱን በግሉ ይይዛል ወይስ በጋራ? ሊሸጠው ይችላል? ለቀድሞው ባለ ይዞታ ካሳ ይከፈላል? ቻርተሩ አይመልስም። በዚህ ዝምታ ምክንያት የተለያየ ሐሳብ ያላቸው ሰዎች በአንድ ሰነድ ሥር ተሰልፈዋል፤ በኋላም በዚሁ ዝምታ ምክንያት ተጣልተዋል።

እኛ ይህን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጡ። ሁለት ቃል ናት፤ አገር ተሰለፈባት። ለአራሹ ሲባል ግን በግል ይዞታነት ነው ወይስ በመጠቀም መብት? መፈክሩ አይናገርም። አሥር ዓመት ቆይቶ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 መልሱን ሰጠ፦ የገጠር መሬት የኢትዮጵያ ሕዝብ የጋራ ሀብት ሆነ፣ ለአንድ አራሽ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር ያልበለጠ እንዲደርሰው፣ መሸጥም እንዳይቻል ተደነገገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ ደነገገ። ዛሬም ድረስ «የታገልነው ለዚህ ነበር» እና «አልነበረም» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ሁለቱም መፈክሩን ይጠቅሳሉ። የሚያከራክራቸው መፈክሩ ሳይሞላ የተወው ቦታ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ዝምታ ማስረጃ አይሆንም። ሰነዱ ስለ ካሳ ዝም ስላለ «ካሳ ይቃወማል» ማለት አይቻልም፤ «ካሳ ይደግፋል» ማለትም አይቻልም። የነፃነት ቻርተር ለነዚህ ነፃነቶች ዕድሜ ልካችንን ጎን ለጎን እንታገላለን ብሎ ይጨርሳል እንጂ የትግሉን መንገድ አይዘረዝርም። በኋላ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ዐቃቤ ሕግ ግን እነዚህ ጥያቄዎች መንግሥትን በኃይል ሳይጥሉ ሊፈጸሙ አይችሉም፣ ስለዚህ ሰነዱ የአመጽ ሤራ ነው ብሎ ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1956 በአገር ክህደት ተከስሰው የተያዙት 156 ሰዎች ነበሩ። ሙግቱ እስከ መጋቢት 1961 ቆየ፤ በመጨረሻም ፍርድ ቤቱ ከቻርተሩ ጀርባ ዋናው ድርጅት የነበረው የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ መንግሥትን በኃይል የመገልበጥ ፖሊሲ እንደነበረው አልተረጋገጠም ብሎ የቀሩትን ተከሳሾች በነፃ አሰናበተ። ከዝምታ ላይ የተገነባ ሙግት እንዲህ ነው የሚወድቀው።

5. ከሰነዱ ጋር የተጣሉትን ስሙ

የራሳችሁን አቋም ከመያዛችሁ በፊት ቢያንስ ሁለት ተቃዋሚ ፈልጉ፤ ከተቻለ ከተለያየ አቅጣጫ የሚቃወሙ። ቻርተሩን የአፓርታይድ መንግሥት ኮሚኒስታዊ ነው ብሎ ሲያወግዘው፣ በሮበርት ሶቡክዌ የሚመሩት አፍሪካኒስቶች ደግሞ «ለጥቁርም ለነጭም ናት» መባሉ የተወሰደውን መሬት ባለቤት ያደበዝዛል ብለው ተቃወሙት፤ እ.ኤ.አ. በ1959ም ከአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ተለይተው ፓን አፍሪካኒስት ኮንግረስን መሠረቱ። ሁለት ወገን ከተቃራኒ አቅጣጫ ሲቃወም ሰነዱ የት ላይ እንደቆመ በጉልህ ይታያል። አንድ ተቃዋሚ ብቻ ያነበበ ጸሐፊ ዓለም በሁለት የተከፈለች ይመስለዋል።

6. አቋማችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

«የነፃነት ቻርተር ጥሩ ሰነድ ነው» አቋም አይባልም፤ ማንም አይቃወመውም፣ ማንም አያረጋግጠውም። «የነፃነት ቻርተር አፓርታይድን ጣለ» ደግሞ አቋም ነው፣ ግን ማንም በጥቂት ገጽ ሊሸከመው አይችልም። መካከለኛውን ፈልጉ፦ «የነፃነት ቻርተር ትልልቅ ሀብቶች ወደ ሕዝብ ይዞታ እንዲዛወሩ ቢጠይቅም፣ በጽሑፉ ደረጃ የግል ንግድንና ምርትን የሚያጠፋ የኮሚኒስት ፕሮግራም አልነበረም።»

ይህን ዓረፍተ ነገር በሦስት ጥያቄ ፈትኑት። ጤነኛ ሰው ሊቃወመው ይችላል? አዎ፣ ዐቃቤ ሕግ ተቃውሟል። ምን ቢገኝ ይወድቃል? ሰነዱ የግል ንግድን የሚከለክል ቃል ቢኖረው። በእጄ ባለው ማስረጃ ልሸከመው እችላለሁ? «በጽሑፉ ደረጃ» የሚለው ገደብ የገባው ለዚህ ነው፤ ስለ እያንዳንዱ ፈራሚ ልብ አልናገርም። ሁለተኛውን ጥያቄ መመለስ ካልቻላችሁ፣ ማለትም አቋማችሁን ሊያፈርስ የሚችል ምንም ነገር መገመት ካቃታችሁ፣ የያዛችሁት እምነት ነው፤ እምነትን መከላከል ሌላ ዓይነት ጽሑፍ ነው።

7. ማስረጃ ሰብስቡ፣ ደረጃም ስጡት

ሁሉም ማስረጃ እኩል አይመዝንም። ስለ አንድ ሰነድ ስትጽፉ ከሁሉ የሚቀድመው የሰነዱ ራሱ ቃል ነው። ቀጥሎ በዚያው ዘመን የተጻፈ፦ ጋዜጣ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የጸሐፊዎቹ የዚያ ጊዜ ማብራሪያ። ከዚያ ዘግይቶ የተጻፈ ትዝታ ይመጣል፤ ሰው ከአርባ ዓመት በኋላ የሚያስታውሰው ከዚያ ወዲህ በሆነው ነገር ተቀይሮ ነው። የሌላ ሰው አስተያየት መጨረሻ ላይ ነው፤ ጥቅሙም መንገድ ለመጠቆም ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ በፎቶ ላይ ተለጥፎ የሚዞር ጥቅስ ደረጃ የለውም፤ ምንጩን እስክታገኙ ድረስ እንደሌለ ቁጠሩት።

ለእያንዳንዱ ማስረጃ አንድ ትንሽ ካርድ ወይም በስልካችሁ አንድ ማስታወሻ ያዙ። ጥቅሱ ቃል በቃል፣ የት ክፍል ላይ እንዳለ፣ ማን መቼ እንዳለው፣ ከሥሩም «ይህ የሚያስረዳልኝ ምንድን ነው?» የሚል አንድ መስመር። የመጨረሻውን መስመር መሙላት ካቃታችሁ ጥቅሱ ያምራል እንጂ አያስፈልጋችሁም።

አሁን ስለ ስያሜ። «ኮሚኒስታዊ»፣ «ጠባብ»፣ «ትምክህተኛ»፣ «ነፍጠኛ»፣ «ተራማጅ»፤ የፖለቲካ ጽሑፋችን በስያሜ የተሞላ ነው። ስያሜን እንደ ማስረጃ ከመጠቀማችሁ በፊት መለኪያውን ጻፉ፣ ከዚያ መለኪያውን በሌላ ጽሑፍ ላይ ሞክሩት። በአገር ክህደቱ ክስ ዐቃቤ ሕግ በኮሚኒዝም ላይ ባለሙያ ብሎ ያቀረባቸው የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አንድሩ ማሪ ነበሩ። ከተከሳሾቹ አንዱ የነበሩት ማንዴላ በትዝታቸው እንደተረኩት፣ ጠበቃው ቨርነን ቤራንጄ የጸሐፊዎቹን ስም ሳይናገሩ ቁርጥራጭ ጽሑፎች እያነበቡ «ይህስ ኮሚኒስታዊ ነው?» ይሏቸው ጀመር። ፕሮፌሰሩ ኮሚኒስታዊ ካሏቸው መካከል አንዱ የአብርሃም ሊንከን ቃል ሆኖ ተገኘ። በመጨረሻም ያለ ጥርጥር ኮሚኒስታዊ ነው ያሉት ራሳቸው ከብዙ ዓመት በፊት የጻፉት ነበር። መለኪያቸው ሁሉንም ነገር የሚይዝ ስለነበር ምንም ነገር አልለየም።

ይህ ታሪክ በጣም ያስተምራል፤ ሆኖም ከላይ በሰጠነው ደረጃ ሲታይ ትዝታ ነው። በከባድ ጽሑፍ ልትጠቀሙበት ከፈለጋችሁ የምርመራውን መዝገብ ፈልጋችሁ አመሳክሩት፤ መዝገቡን ካላገኛችሁ «ማንዴላ እንደተረኩት» የሚለውን ሐረግ አታውጡት።

8. አንቀጹን ገንቡ

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመኝ ዓይነት አንቀጽ ይህን ይመስላል፦

«የነፃነት ቻርተር ኮሚኒስታዊ አልነበረም። ሕዝቡ የታገለው ለመብቱ ነው። ማንዴላም ዓለም ያከበራቸው ታላቅ መሪ ነበሩ። ፍርድ ቤቱም ነፃ ብሏቸዋል።»

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር እውነት ቢሆንም ጥያቄውን አይነካም፤ ለመብቱ የሚታገል ሕዝብ ኮሚኒስታዊ ፕሮግራም ሊይዝ ይችላልና። ሦስተኛው የሰውን ክብር በሰነዱ ቃል ቦታ አስቀመጠ። አራተኛው ወደ ማስረጃ ቢጠጋም ከሚችለው በላይ ተጭኖበታል። በነፃ መሰናበት ማለት ከሳሽ ክሱን አላረጋገጠም ማለት ነው፤ የክሱ ተቃራኒ ተረጋገጠ ማለት አይደለም። በዚህ ቦታ በጣም ብዙ ጥሩ ጸሐፊዎች ይሰናከላሉ።

እንደገና እንሥራው፦

«የነፃነት ቻርተር ትልልቅ ሀብቶች ወደ ሕዝብ ይዞታ እንዲዛወሩ ቢጠይቅም፣ በጽሑፉ ደረጃ የግል ንግድንና ምርትን የሚያጠፋ የኮሚኒስት ፕሮግራም አልነበረም። ስለ አገር ሀብት የሚናገረው ክፍል ከመሬት በታች ያለው ማዕድን፣ ባንኮችና ሞኖፖል ኢንዱስትሪ የሕዝብ እንዲሆኑ ይጠይቃል፤ እዚያው ክፍል ውስጥ ግን ሰው ሁሉ በመረጠው ቦታ የመነገድ፣ የማምረትና ወደ ማንኛውም ሙያ የመግባት እኩል መብት እንዳለው ይደነግጋል። የግል ንግድን ሊያጠፋ የተነሣ ፕሮግራም የመነገድን መብት ለሁሉም አያሰፋም። ማንዴላም ቻርተሩ ከጸደቀ ከአንድ ዓመት በኋላ ባሳተሙት ጽሑፍ የሞኖፖሎች መፍረስ ነጭ ላልሆነው ባለሀብት አዲስ መስክ እንደሚከፍት አስረድተዋል።»

ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር እዩት፤ «የግል ንግድን ሊያጠፋ የተነሣ ፕሮግራም...» የሚለውን። አዲስ መረጃ አልያዘም፤ ጥቅሱ ለምን አቋሙን እንደሚያስረዳ ይናገራል። ይህ ማገናኛ ነው። ጀማሪ ጸሐፊ ጥቅሱን ያስቀምጥና አንባቢው ራሱ ያገናኘዋል ብሎ ያልፋል፤ የማይስማማ አንባቢ ግን በሌላ መንገድ ያገናኘዋል። በቃል ስንሟገት፣ ድሮ በላ ልበልሃ በሚባለው ሙግት እንደነበረው፣ ድምፅና እጅ፣ የዳኛውም ፊት ያግዛል። በወረቀት ላይ ያለን ይህች ማገናኛ ዓረፍተ ነገር ናት።

ጥቅስ ስትተረጉሙ ትርጉሙ የእናንተ መሆኑን ግለጹ፣ ዋናውንም ከአጠገባችሁ አታርቁ። ከጥቅስ መካከል ቆርጣችሁ ካወጣችሁ ነጥብ ነጥብ አድርጉ፤ የቆረጣችሁት አቋማችሁን የሚያዳክመውን ክፍል ከሆነ ግን መልሱት። ስለ ባንኮቹ ሳይጠቅስ ስለ ንግድ መብት ብቻ የጠቀሰ ጸሐፊ አንባቢውን አታሏል።

9. የተቃዋሚውን ብርቱ ሙግት ጻፉ

ደካማውን ተቃዋሚ መርጦ መጣል አያስከብርም። ተቃዋሚው ራሱ ቢያነበው «ከዚህ የተሻለ እኔም አልናገረውም» እስኪል ድረስ ሙግቱን አጠንክራችሁ ጻፉለት። በእኛ ጉዳይ እንዲህ ይላል፦ ማዕድኑን፣ ባንኩንና ትልልቁን ኢንዱስትሪ የያዘ መንግሥት ኢኮኖሚውን ይዟል፤ የሱቅ ንግድ መፈቀዱ ጊዜያዊ ነው። ቻርተሩን በማርቀቅ ትልቅ ድርሻ የነበራቸው ላዮኔል በርንስታይን የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበሩ። በስውር ይንቀሳቀስ የነበረው ፓርቲም እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጣው ፕሮግራም ቻርተሩን የቅርብ ግቡ አድርጎ ተቀብሎታል።

ይህ ቀላል ሙግት አይደለም፣ ማስረጃውም እውነት ነው። ምን ታደርጋላችሁ? የሚገባውን ስጡት፦ «ኮሚኒስቶች ቻርተሩን ለሩቅ ዓላማቸው መሸጋገሪያ አድርገው ማየታቸው እሙን ነው።» ከዚያ የሚለየውን መስመር አስምሩ፦ አንድ ቡድን ሰነዱን እንደ መጀመሪያ እርምጃ መቀበሉ ሰነዱ የመጨረሻውን እርምጃ ይዟል አያሰኝም፤ እንዲያውም እርምጃ ብቻ ነው መባሉ ከዚያ የራቀውን ነገር እንዳልያዘ ይመሰክራል። ትልልቁን ሀብት ለሕዝብ ማዛወርም በዚያን ዘመን የኮሚኒስቶች ብቻ አልነበረም፤ ብሪታንያ በሌበር መንግሥት የእንግሊዝ ባንክን እ.ኤ.አ. በ1946፣ የድንጋይ ከሰልን ማዕድን በ1947 ወደ መንግሥት ይዞታ አዛውራለች። ይህ የመለኪያ ሙከራ ነው፤ ብሪታንያን ኮሚኒስት የማያሰኝ ነገር ክሊፕታውንን ብቻውን ኮሚኒስት ሊያሰኝ አይችልም።

መልስ መስጠት ካቃታችሁ አቋማችሁን አጥብቡት። ማጥበብ ሽንፈት አይደለም፤ ከሰፊና ከሚፈርስ አቋም ጠባብና የሚቆም ይበልጣል።

10. ሰነዱ በኋላ ምን ሆነ?

ጽሑፋችሁ ቦታ ካለው የሰነዱን ዕጣ ጥቂት ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. የ1996ቱ የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት መግቢያ አገሪቱ በውስጧ ለሚኖሩ ሁሉ መሆኗን ይናገራል፤ የክሊፕታውን ድምፅ በግልጽ ይሰማበታል። ባንኮች ግን ወደ ሕዝብ ይዞታ አልዞሩም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የማዕድን ሕግ የማዕድን ሀብት የሕዝብ ሁሉ የጋራ ቅርስ፣ መንግሥትም ጠባቂው ነው ይላል፤ ኩባንያዎች ፈቃድ እየወሰዱ ማውጣታቸውን ቀጥለዋል። ይህ ቻርተሩ ተፈጸመ ያሰኛል ወይስ ተከዳ? ሁለቱንም የሚሉ አሉ፤ በሌላ ወረቀት ላይ ሌላ አቋም ልትገነቡበት ትችላላችሁ። በኋላ የሆነውን ነገር ግን ጸሐፊዎቹ በ1955 ላሰቡት ነገር ማስረጃ አድርጋችሁ አታቅርቡት።

11. አርሙት

አንድ ቀን አሳድሩትና ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። «ሁሉም»፣ «በፍጹም»፣ «ማንም ሊክደው የማይችል»፣ «እንደሚታወቀው» የሚሉትን አስምሩባቸው፤ ማስረጃ የማይሸከማቸውን ሰርዙ። «እንደሚታወቀው» ከሚለው በኋላ የሚመጣው ነገር ብዙ ጊዜ ያልታወቀው ነው። እያንዳንዱን ጥቅስ ከካርዱ ሳይሆን ከዋናው ሰነድ ጋር አመሳክሩ። ስምና ዓመት ደግማችሁ አረጋግጡ። ከተቻለ የማይስማማችሁ ሰው ያንብበው፤ የሚወዳችሁ ሰው ክፍተቱን ሳያየው ያልፋል።

ከዚህ በኋላ ወደ ራሳችን ሰነድ ተመለሱ። አዋጅ ቁጥር 31/1967ን ከነጋሪት ጋዜጣ ፈልጉና ከ«መሬት ለአራሹ» ጋር ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። መፈክሩ ዝም ባለበት ሁሉ አዋጁ የተናገረውን ጻፉ፤ ስለ ይዞታ፣ ስለ መጠን፣ ስለ ሽያጭ፣ ስለ ካሳ፣ ሰው ቀጥሮ ስለ ማሳረስ። ከዚያ «አዋጁ የመፈክሩን ጥያቄ መለሰ» ወይም «አልመለሰም» ከሚሉት አንዱን ምረጡና በአንድ ዓረፍተ ነገር ገድባችሁ ጻፉት። አያታችሁ ጭሰኛ ነበሩም ባለ ርስት፣ መጀመሪያ የምትጽፉት የተቃራኒውን ወገን ብርቱ ሙግት ይሁን።